ራዲያተርሽ አይፍሰስ

ባለፈው ሳምንት ወደ ሥራ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ፈላ። ሉሳካ ዝናቡ ሳይመጣ በፊት ያለው ሙቀት ሰውንም መኪናንም አይምርም። ከኮፋኖው ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ሲል ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመና ወረደ፤ እኛም ተከትለነው ወረድን። ያን ጊዜ ነው ሽታው የመጣብኝ። የዛገ ውሃ፣ የጋለ ብረት፣ ትንሽ ናፍታ፣ ትንሽ አቧራ። ሾፌሩ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ጎንበስ ሲል፣ ይህን ያህል ዘመን የኖርኩበትን አገር ቋንቋ ረስቼ፣ በአማርኛ «ተው! አይነካም!» ብዬ ጮህኩ። ቃሉ ለማንም አልገባም፤ ድምፁ ግን ገባቸው መሰለኝ ወጣቱ ሾፌር እጁን ሰበሰበ። ሻርፕ የተከናነበች፣ የሆስፒታል መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ትልቅ ሴት መንገድ ዳር ቆማ እንደ ሾፌር ስትጮህ ይታያችሁ። እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ድምፁ የአባቴ ድምፅ ነበር።

አባቴ ሾፌር ይመር ይባሉ ነበር። ከወሎ ገና ጢም ሳያወጡ መጥተው አቃቂ፣ ከወንዙ ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቤት የሠሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በተሳቢ መኪና ከአሰብ ወደብ ቃሊቲ ዕቃ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። እናታችንን «አንቺ» እያልን አባታችንን «አንቱ» እያልን ነው ያደግነው፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። ከመንገድ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚመጣው ድምፃቸው አልነበረም፤ ሽታቸው ነበር፤ ያ የፈላ ውሃና የናፍታ ሽታ። ከአዋሽ በታች ያለውን በረሃ ሲያወሩ ስለ ሽፍታም ስለ አውሬም አያወሩም፤ የሚያወሩት ስለ ራዲያተር ነው። እገሌ ራዲያተሩ ሚሌ ላይ ተቀደደበት፣ እገሌ የመጠጫ ውሃውን ለሞተሩ አጠጥቶ ራሱ በጥም ሊያልቅ ነበር። እኛ ልጆች በረሃውን ራዲያተር የሚበላ ግዙፍ ፍጡር አድርገን ነበር የምናስበው።

የዚያን ጊዜ የአቃቂና የቃሊቲ መንገድ አሁን ባየው የማውቀው አይመስለኝም። ግራና ቀኙ ጋራዥና ጎሚስታ ነው፤ ከጋራዦቹ ጀርባ የፋብሪካ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ የሽምብራ እርሻ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ ራሳቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ በረዶ የተጣበቀባቸው ሴቶች እየተሳሳቁ ይወጣሉ። በየግድግዳው ቀይ መፈክር፣ በየኪዮስኩ ከካሴት የሚወጣ የፍቅር ዘፈን፤ ሁለቱም ሳይጣሉ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። እሑድ እሑድ ቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ማታ ማታ ሰዓት እላፊ አለ፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ፓስቲዋን ነው። በአምስት ሳንቲም፣ በጋዜጣ ተጠቅልላ፣ ዘይቷ ፊደሎቹን አጥፍቶ። ጋዜጣው ላይ ምን እንደተጻፈ አላስታውስም፤ ያኔም አላነበብኩትም።

ከዚያ ነው አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ፣ ፊዚክስ ልማር የምመላለሰው። ጠዋት በአሥራ አምስት ሳንቲም ቲኬት ተጨናንቄ በሳሪስ በኩል ለገሃር፣ ከለገሃር ደግሞ ሌላ አውቶቡስ። ወንዶቹ ጫፉ አስፋልት የሚጠርግ ሱሪ ለብሰው፣ አፍሯቸውን ነፍተው ይመጣሉ። እኔ ከጉልበት በታች የወረደ የቴትሮን ቀሚስ፣ ከሥሩ ሱሪ፣ ጸጉሬ ላይ እናቴ ጠርዙን በኪሮሽ የሠራችልኝ ነጭ ሻሽ። በክፍሉ ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበርን፤ አንዷ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ወደ ሌላ ትምህርት ዞረች። ብቻዬን ቀረሁ። ከምሳ በኋላ ዙህር የምሰግድበት ቦታ ስላልነበረኝ የቤተ ሙከራው ዘበኛ የዕቃ ክፍሉን ይከፍትልኝ ነበር፤ በተሰበሩ ሚዛኖችና በጥቅል ሽቦ መካከል ነው ሁለት ዓመት የሰገድኩት። አላህ ውለታውን ይክፈለው።

ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ እያንዳንዱ ተማሪ ዘርፍ መምረጥ ነበረበት። ኤሌክትሮኒክስ አለ፤ እሱን የመረጠ ቴሌቪዥንም ይጠግናል፣ ፋብሪካም ይቀጠራል ስለሚባል ግማሹ ክፍል የሚጋፋው እዚያ ነው። የምድር ፊዚክስ አለ፤ ዘይትና ብረት ፍለጋ አገር ላገር መዞር ነው። የጠጣር ነገሮች ፊዚክስ አለ። ከሁሉም መጨረሻ ሰው የማይሄድበት፣ ስሙ ሲጠራ ተማሪው የሚሳሳቅበት አንድ ዘርፍ አለ፤ ጨረር፣ እኛ በእንግሊዝኛው «ራዲዬሽን» የምንለው። ልቤ የሄደው እዚያ ነው።

ምክንያቱ አንድ ከሰዓት ነው። መምህራችን ጨረር የሚቆጥረውን መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና አበሩት። አጠገቡ ምንም ነገር አልነበረም። ባዶ ጠረጴዛ። መሣሪያው ግን ጠቅ... ጠቅ ጠቅ... ጠቅ ይል ጀመር። «ምንድን ነው የሚቆጥረው?» አሉንና ራሳቸው መለሱ። «ከግድግዳው ድንጋይ የሚወጣውን ነው። ከሰማይ የሚወርደውን ነው። ከእናንተም ከራሳችሁ አካል የሚወጣ አለበት። እናንተ ስላላወቃችሁ ነው እንጂ ተቋርጦ አያውቅም።» ድምፁ ልክ እናቴ ከሱብሂ ሶላት በኋላ መቁጠሪያዋን ስታንቀሳቅስ የሚሰማው ድምፅ ነው። ሱብሐነላህ አልኩ በልቤ። ዓይን የማያየውን ነገር በስሙና በመጠኑ ለይቶ ማወቅ የሚባል ሥራ በዚህ ዓለም ካለ፣ የእኔ ሥራ እሱ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሐሳቤን የለወጠው ሰው የለም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ብዙ ሞክረዋል። «ዘይነባ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ኤሌክትሮኒክስ ያዢ። ይኼ ለሴት ልጅ አይሆንም፤ ነገ ማን ያገባሻል?» አሉኝ። ሰኞ መጥቼ እንዳሳውቃቸው ቀጠሮ ሰጡኝ።

ግን እኛ ቤት ምርቃት ያልተቀበለ ነገር አይጀመርም። መኪናው ወደ አሰብ ሲነሣ ዱዓ ይደረጋል፤ ላሟ ስትገዛ ዱዓ ይደረጋል፤ እኔ አራት ኪሎ ስገባም ዱዓ ተደርጓል። አባቴ ያልመረቁትን ነገር ይዤ ሰኞ ኃላፊው ፊት መቆም የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ከመንገድ እስኪመለሱ ጠበቅኩና ቃሊቲ መኪናቸውን ወዳቆሙበት ጋራዥ ሄድኩ። ሞተሩ ሥራ ላይ ነው፣ ይጮኻል። ኮፋኖው ተከፍቷል፤ አባቴ በጄሪካን ውሃ ያንቆረቁራሉ።

«አባባ፣ ዘርፍ ምረጡ ብለውናል!» አልኩ እየጮህኩ።

«ምን መረጥሽ?»

«ራዲዬሽን!»

አባቴ ጄሪካኑን አስቀመጡት። አዩኝ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ ያየሁት ታናሽ ወንድሜ የተወለደ ዕለት ብቻ ነው። «ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!» ብለው በዘይት እጃቸው ሻሼን ሊነኩ ዘረጉና ትዝ ሲላቸው መለሱት። «ሐሙስ ወደጃ አደርግልሻለሁ። ሼህ እንድሪስ ይመርቁሻል።» እኔ ገርሞኛል። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቁም። አላህ ልባቸውን አራራልኝ ብዬ አልሐምዱሊላህ እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ወደጃ እኛ ወሎዬዎች ተሰብስበን አንድን ጉዳይ ለአላህ የምናቀርብበት ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ሰሌን ይነጠፋል፣ ሰው እየተቀባበለ ይለምናል፣ ትልቁ ሰው ይመርቃል። እኛ ቤት ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ከአበባማው መጋረጃ ጀርባ እንቀመጥ ነበር። ሐሙስ የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት እንዳለቀ ቤቱ ሞላ። የአባቴ የመንገድ ጓደኞች ከነአቧራቸው መጡ። ጋሽ ቶላም መጣ፤ ጋሽ ቶላ ቃሊቲ ውስጥ ስመ ጥሩው የራዲያተር በያጅ ነው። የአባቱ የእርሻ መሬት የነበረበት ቦታ ላይ ነው ጋራዡ የቆመው፤ ክርስቲያን ቢሆንም የእኛ ቤት ወደጃ ቀርቶበት አያውቅም። ገና ሳይቀመጥ ወደ መጋረጃው ዞሮ፦

«አካም ጅርታ፣ ዘይኑ! እንግዲህ ስትጨርሺ እኔ ጋ ነው የምትመጪው። ለሌላ ጋራዥ እንዳልሰጥሽ!»

ሰው ሳቀ። እኔም የጋሽ ቶላ ቀልድ ነው ብዬ ሳቅኩ። እናቴ ግን ዞር ብላ አየችኝ። «ምን ማለቱ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «እኔ እንጃ» አልኳት።

ሼህ እንድሪስ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ግን እስከ ድልድዩ ይሰማል።

«አላህ እውቀቱን ይግለጥልሽ!»

«አሚን!» አለ ሳሎኑ። «አሚን!» አልን ከመጋረጃው ጀርባ።

«የአባትሽን ድካም ያየሽ፣ የሾፌሩን ጭንቅ የሚያቃልል እጅ ይስጥሽ!»

«አሚን!»

«ራዲያተርሽ አይፍሰስ! ውሃሽ አይፍላ! የበረሃ ሰው ሁሉ በአንቺ ይዳን!»

«አሚን! አሚን!» ጋሽ ቶላ ከሁሉም በላይ ጮኸ።

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ፤ የሞተሩ ጩኸት፣ የአባቴ ፊት፣ «ጎሽ» ማለታቸው። ራዲዬሽን ያልኩትን ራዲያተር ብለው ሰምተውታል። መንግሥት በረሃ ላይ የሚያልቁትን መኪናዎች አይቶ የራዲያተር ትምህርት የከፈተ፣ ልጃቸውም ለአባቷ ብላ እሱን የመረጠች መስሏቸዋል። ቃሊቲን በሙሉ አዳርሰውታል።

እናቴ ፊቴን አይታ ክንዴን ያዘችኝ። «ዝም በይ» አለችኝ። «ዱዓ ነው፣ አይቋረጥም።» ዝም ብል ምን ነበረበት? ሰኞ ሄጄ ራዲዬሽን ብዬ አሳውቃለሁ፤ አባቴም ዕድሜያቸውን ሙሉ ራዲያተር እንዳሉ ይኖራሉ። ብናገር ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አባቴን አሳፍራለሁ፤ ምርቃቱም ትምህርቱም ሊቀርብኝ ይችላል። ግን ሰዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው አላህን እየለመኑ ያሉት ለሌላ ነገር ነው። የሌላ ነገር ምርቃት ይዤ ልሂድ? አልቻልኩም። ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

«ሼህ፣ አፉ ይበሉኝ። ራዲያተር አይደለም» አልኩ በመጋረጃው።

ሴት ልጅ በወደጃ መካከል ድምፅዋን አውጥታ አታውቅም።

«ምን አለች?» አሉ አባቴ።

«አባባ፣ ራዲዬሽን ነው ያልኩዎት። ጨረር ነው። ሞተሩ እየጮኸ ነው ያልሰሙኝ።»

«ጨረር?» አለ አንድ ሾፌር። «ያ ጃፓንን የፈጀው? የቦምቡ?» ሌላው «አዑዙ ቢላህ!» አለ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ እንደዚያ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «ዘይነባ። ሰው የሚፈጅ ነገር ልትማሪ ነው ያስመረቅኩሽ?» ቁልምጫዬን ትተው ሙሉ ስሜን ሲጠሩኝ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ቀና ብዬ ሳይ፣ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ የተጠቀለለው ፊልም ታየኝ። አባቴ አንድ ጊዜ መኪና ገልብጠው እግራቸው ተሰብሮ ነበር፤ ያን ጊዜ የተነሡትን ራጅ እስከዚያ ቀን ድረስ አስቀምጠውታል፤ እንግዳ ሲመጣ አውጥተው በመስኮት ብርሃን እያሳዩ «ይኸውላችሁ እግሬ!» ይሉ ነበር። አወረድኩትና በመጋረጃው ሥር እጄን አሾልኬ ሰጠኋቸው።

«አባባ፣ ይኼ በምን የተነሣ ነው?»

ከወዲያ ወገን ፊልሙ ሲዘረጋ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

«ራጅ ነዋ» አሉ አባቴ።

«ራጅ ጨረር ነው። ሥጋዎን ሳይቆርጡ አጥንትዎን ያሳየው እሱ ነው። ያው ጨረር ሰውነት ውስጥ ያለ ክፉ በሽታን አቃጥሎ ያድናል። ሲበዛ ግን ይገድላል፤ ጃፓን ላይ ያለ መጠን የለቀቁት ነው። ስለዚህ መጠኑን የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። የምማረው መለካቱን ነው፣ አባባ።»

ከመጋረጃው በታች የአባቴን እግር አያለሁ፤ ተነሡና ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ሳይሆን አይቀርም ክፍሉ ትንሽ ጠቆር አለ።

«ይኼን ያነሣኝ ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ፣ «እያንዳንዷን ስብራት በጣቱ እያሳየ ነው ያስረዳኝ። እጁን ስሜዋለሁ።» ከዚያ ዞረው፦ «ቶላ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ምን እላለሁ? ሠራተኛዬን ወሰዳችሁብኝ እንጂ!» አለ ጋሽ ቶላ። መጀመሪያ የሳቁት አባቴ ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ።

«ሼህ» አሉ አባቴ ሳቁ ሲበርድ፣ «እንግዲህ ያ የራዲያተሩ ዱዓ ይነሣ ወይስ እንዴት ነው?»

ሼህ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዱዓ ከሄደ አይመለስም። አላህ የት እንደሚያደርሰው ያውቅበታል፣ እሱን ለእሱ ተዉት። በላዩ እንጨምርበታለን እንጂ። እጃችሁን ዘርጉ።» ዘረጋን።

«ጨረርሽ ለምሕረት ይሁን! እጅሽ ከመጠን አይለፍ፣ ከመጠንም አይጉደል!»

ከሁሉም ቀድሞ፣ ብቻውን፣ የአባቴ «አሚን» ተሰማ።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። «እሺ ዘይነባ፣ ወሰንሽ?» አሉኝ። ራዲዬሽን አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው፦ «እርግጠኛ ነሽ? ሰው ሳታማክሪ...»

«ተመርቄበታለሁ» አልኳቸው።

«ገና ሳትማሪ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ኋላ፣ ጥቁር ጋዋን ለብሼ በእውነት የተመረቅኩ ዕለት፣ አባቴ ብቸኛ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጋሽ ቶላን አስከትለው አራት ኪሎ መጡ። ኃላፊውን ሳስተዋውቃቸው አባቴ እጃቸውን ጨብጠው «እኛ እንኳ ቀድመን መርቀናት ነበር» አሏቸው። ኃላፊው አንዴ እኔን አንዴ አባቴን አዩና «ለካ እውነትሽን ነው!» አሉኝ። ከዚያ ክፍል በዚያ ዘርፍ የወጣች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ስጽፍ አልኮራም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም ነው። ውጭ አገር ተልኬ ተማርኩ፤ ኑሮ ወዲያ ወዲህ ሲያደርገኝ ቆይቶ እዚህ ሉሳካ አሳረፈኝ። የካንሰር ሕሙማን በጨረር የሚታከሙበት ክፍል ውስጥ መጠን የምለካው እኔ ነኝ። ጠዋት የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሳይገባ ቢስሚላህ ብዬ ማሽኑን እፈትናለሁ፤ ከመጠን እንዳያልፍ፣ ከመጠን እንዳይጎድል። ያስተማርኳቸው የዚህ አገር ልጃገረዶች ዛሬ በየከተማው በየማሽኑ ፊት ቆመዋል፤ የሼህ እንድሪስን ምርቃት በገዛ ቋንቋቸው አስይዣቸዋለሁ፣ ከየት እንደመጣ ግን አያውቁም።

አባቴ በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ አዲሱ ማሽን ሥራ ላይ እያለ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሕሙማኑ ውጭ ተሰልፈዋል። መሐንዲሱ የኋላውን መዝጊያ ሲፈታ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። ለካ ያ ትልቅ ማሽን ሲሠራ ይግላል፤ እንዳይቃጠል በውስጡ ውሃ ይዞራል፤ ውሃውን የሚያበርደው ደግሞ... ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፤ መሐንዲሱ ያበድኩ መሰለው። ተጠግኖ ሕሙማኑ ሲገቡ አቃቂ ደወልኩ።

«አባባ! ማሽኔ ራዲያተር አለው!»

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቤት ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ፦ «አላልኳችሁም! አላልኳችሁም! ራዲያተር ነው የተማረችው!» ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው፣ ቀስ ብለው፦ «ፈሰሰ እንዴ?»

«ፈሶ ነበር፣ ተጠገነ።»

«ሰው ተጎዳ?»

«ማንም አልተጎዳም።»

«አሚን በያ!» አሉኝ።

አላህ ይርሐማቸው፣ አሁን የሉም። ባለፈው ሳምንት መንገድ ዳር ያ ወጣት ሾፌር ክዳኑ እስኪበርድ አብሮኝ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ አድርጎ እንዲከፍት፣ ሞተሩን አስነሥቶ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እንዲጨምር አሳየሁት። ሲጨርስ እጁን በሱሪው እየጠረገ፦ «እማማ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ራዲያተር ነው የተማርኩት» አልኩት።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። መታወቂያዬን ወደ ፊት አዙሬ ገባሁና ቦታዬ ተቀመጥኩ። ሆስፒታል ስደርስ ሕሙማኑ ውጭ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ነጩን ጋዋኔን ሳልለብስ ወደ ማሽኑ ጀርባ ሄድኩ፤ ሁልጊዜም አስቀድሜ የማየው ውሃውን ነው። ሙሉ ነበር። አሚን አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ እንደ አባቴ።